አብረው የሚሄዱት ፒስተኖች

ማመን የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይተወው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ አናት በምትበሳበት፣ በቀን ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጓሯችን ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው የሆነው...

ወንድም ጋሼ ከሞተ ገና ወሩ ነበር። ቁልቁለት ላይ በሞተር ሲወርድ ከግንብ ጋር ተላተመ። ሞተር ሳይክሉ ጭረት ብቻ ይዞ ተረፈ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ነው፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር። ዘይት ማንጠባጠብ የማይሰለቸው። ወንድሜ ግን እንደ ልጅ ነበር የሚንከባከበው።

የዚያን ቀን የሚጠግንለት ሜካኒክ መጣ። የልብ ጓደኛው ነው።

"ለማስታወሻ ልውሰደው" አለኝ።

የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ...

"ይዩት እስቲ" አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

ከሞተሩ አናት እሳት የሚጭሩትን ሁለቱን ካንዴላዎች ፈታ። በየቀዳዳው ፒስተኑን እስኪነካ ቀጭን እንጨት ከተተ። የማስነሻ ፔዳሉን በእጁ ቀስ አድርጎ ሲጫን እንጨቶቹ እኩል ወጡ... እኩል ወረዱ።

"አየሽ? ፒስተኖቹ የታሰሩት አንድ ብረት ላይ፣ ክራንኩ ላይ ነው። ሁሌም አብረው ናቸው።"

እጁን አንስቶ ጨርቅ ሊፈልግ ዞረ።

የቀኙ እንጨት... ብቻውን ወጣ።

የግራው ወረደ።

ከዚያ ተቀያየሩ። ቀስ ብለው... እንደሚራመድ ሰው እግር።

"ነካሽው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"እዚህ ቆሜ በምኔ?"

"አይሆንም... ክራንኩ ሳይሰበር ይሄ አይሆንም..."

ቤንዚን የለው። ካንዴላ የለው። ከቀዳዳዎቹ ግን ሞቅ ያለ አየር እፍ... እፍ... ይላል።

ያኔ መሪው ላይ ያለው የፍሬን እጀታ ተጨበጠ።

ተለቀቀ። ተጨበጠ። በጥድፊያ... እየጨበጠ ፍሬን አልይዝ ያለው ሰው እንደሚያደርገው።

ሜካኒኩ ዓይኑን ጨፈነ።

ፍርሃቴ እዚያው ቀረ። ንዴት ብቻ ሆንኩ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ነበር የምለው።

"ፍሬኑን ምን አድርገህ ነው?"

ዓይኑን ሳይገልጥ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ንገረኝ።"

"ሽቦው... ተበልቶ ነበር። ለጊዜው ይይዛል ብዬ መልሼ አሰርኩት።"

"ነግረኸዋል?"

"አዲስ ቀይሬልሃለሁ አልኩት።"

እጀታው ቆመ። እንጨቶቹም ቆሙ።

ወር ሙሉ ሰው ሁሉ "ፍጥነት ነው የበላው" ሲል አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ይሄ ሰውዬም ለቀስተኛ መሃል ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቷል።

"ውጣልኝ" አልኩት።

እየተደነቃቀፈ ወጣ። በር ላይ ያቆማትን የራሱን ሞተር አስነሳ። እኔም ተከትዬ ደጁ ላይ ቆምኩ።

ገና ሳይንቀሳቀስ የኋላ መቀመጫው ሞላው ላይ ዝቅ አለ... ሰው ሲፈናጠጥ እንደሚለው።

እሱ ልብ አላለም።

ልጣራ አፌን ከፈትኩ።

መልሼ ዘጋሁት።

ወደዚያው ቁልቁለት ሲዞር፣ ታጥፈው የነበሩት የተሳፋሪ እግር ማሳረፊያዎች... መጀመሪያ የቀኙ፣ ቀጥሎ የግራው...

ተዘረጉ።