ገንዳ ውሃ ላይ ከዜሮ በታች አርባ

ዘሀቢያ ኡመይር እባላለሁ። በገንዳ ውሃ ከተማ መኪናው የቼክ ኢንጅን መብራት ያበራበት ሹፌር መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን ነው። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ሠርቼ ያገኘሁት ስም ነው። ይህ ስሜ ግን አንድ ጊዜ ከእጄ ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበር። ሊያሳጣኝ የነበረውም የምወደው ሰው ነው!

የምሠራባት ዕቃ ከክብሪት ቀፎ ብዙ አትበልጥም። ከመሪው ሥር ትሰካለች። ከዚያ ስልኬ በብሉቱዝ ያገኛትና የሞተሩን ሙቀት፣ የባትሪውን ጉልበት፣ ሞተሩ የሚስበውን አየር ሁሉ በቁጥር ያሳየኛል። አባቴ ጋሽ ኡመይር ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ሞተር በጆሮው ሲያዳምጥ የኖረ መካኒክ ነው። «መኪና በጆሮ ነው የሚሰማ፤ ስልክ ምን ያውቃል?» ይለኛል። ቢሆንም ከጋራዡ አንድ ጥግ ሰጥቶኝ ነበር።

ሳጂድ አንድ በጋ መጣ። ከመተማ ጎንደር ሚኒባስ የሚነዳ፣ ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ልጅ ነው። መኪናው ያንኑ የቼክ ኢንጅን መብራት አብርቶበታል። ዕቃዬን ሰካሁና ስልኬን አየሁ፤ የአየር ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ሶኬቱ ተነቅሏል። መንገዱ አንቀጥቅጦት ይሆናል ብዬ መልሼ ሰካሁት፤ መብራቱንም አጠፋሁ።

«አለቀ?» አለኝ ቅር ብሎት።

«አለቀ። ደስ አይልህም?»

«ይለኛል» አለ። ፊቱ ግን ደስ ያለው አይመስልም። እኔን ያያል፤ ሳየው ወደ ጎማው ዞር ይላል።

ሌላ ተመሳሳይ ዕቃ ስለነበረኝ ያችኛዋን መኪናው ላይ ተውኳት፤ ሲመጣ ሳልደክም እንዳየው። ከዚያ ወዲያ ሚኒባሱ ከጋራዣችን አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሲደርስ ስልኬ ጢን ይላል። ውሎ አድሮ ልቤም አብሮ ጢን ይል ጀመር። ምን ልደብቅ? ወድጄው ነበር።

ችግሩ ግን መኪናው አልድን አለ። ተመልሶ መጣ፤ ሶኬቱን በፕላስተር አሰርኩት። ደግሞ መጣ፤ ፕላስተሩ በሙቀት ለቆ ነው ብዬ ከጋራዣችን መለዋወጫ ሱቅ አዲስ ሴንሰር ቀየርኩለት። አሁንም መጣ። ወሬው መናኸሪያ ደረሰ። ደረበ የሚባል የአብርሃ ጅራ መስመር ሹፌር፣ አፉ የማያርፍ፣ «የዘሀቢያ ስልክ መብራት ያጠፋል እንጂ በሽታ አያጠፋም!» ብሎ አሳቀብኝ። ሹፌሮች መኪናቸውን እኔን አልፈው ለአባቴ ማሳየት ጀመሩ።

አባቴ አንድ ቀን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«ዘሀቢያ፣ የሳጂድ መኪና በዚያው በሽታ አንዴ ከተመለሰ ያች ዕቃሽ ከጋራዤ ትወጣለች። አንችም ሱቁ ውስጥ የሞተር ዘይት መሸጡ ይሻልሻል።»

«እሽ አባ» አልኩ። እንባዬን ውጨ ነው ያልኩት።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስልኬ በእጄ እንዳለ ጢን አለ። መጣ! ቶሎ ብዬ ቁጥሩን አየሁ። የአየር ሙቀት አርባ ሦስት ይላል፤ ያው የገንዳ ውሃ ሙቀት ነው። መኪናው ጤነኛ ነው፣ አልሐምዱሊላህ! ሞተሩ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ቁልፉ እንደገና ተከፈተ። ስልኬን ሳይ ከዜሮ በታች አርባ ይላል።

እኔ ላቤ ከአንገቴ እየወረደ፣ ሚኒባሱ በረዶ ላይ ቆሟል ማለት ነው! ሶኬቱ ሲነቀል ሴንሰሩ የሚያሳየው ይህንን ቁጥር ነው። እሱን አውቃለሁ። ግን የቆመን መኪና የትኛው መንገድ አንቀጠቀጠው? እየሮጥኩ ወጣሁ። ሳጂድ ቁልፉን ከፍቶ ወርዶ፣ ኮፈኑን ሊዘጋ እጁን ዘርግቷል። ሲያየኝ ጆሮው ፍም መሰለ።

«አንተ ነህ የምትነቅለው?»

እጁን ከኮፈኑ መለሰ።

«ሁልጊዜም አንተ ነበርክ?»

«ዘሀቢያ… ሌላ ምን ብዬ ልምጣ? መኪናው ካልታመመ አባትሽ በምን ያስገቡኛል?»

ደስታና ንዴት አንድ ላይ ሲመጡ እንዴት እንደሚያደርጉ የደረሰበት ያውቀዋል። ላቅፈውም፣ በቺያቤ መፍቻዬ ልመታውም ቃጣኝ።

«ስሜን እኮ አጠፋኸው! ዛሬ አባቴ ከሥራዬ ሊያስወጣኝ ነው፤ በአንተ ሶኬት!»

ክው አለ። «ወላሂ አላወቅሁም።»

«እንግዲያው ግባና ለአባቴ ንገረው። ሹፌሮቹም ይስሙ።»

«እስከ ጎንደር ይስቁብኛል።»

«በእኔም እስከ ጎንደር ሲስቁ ነበር።»

ቁልቁል መሬቱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ጋራዡ ገባ። ደረበ እዚያው ተቀምጦ ጎማ ያስለጥፋል።

«ጋሽ ኡመይር፣ መኪናዬ ተበላሽቶ አያውቅም። ሶኬቱን የምነቅለው እኔ ነኝ። ልጅዎ ጥፋት የለባትም።»

«ለምን ትነቅለዋለህ?» አለ አባቴ ግራ ገብቶት።

«ልጅዎን ለማየት።»

የሳቁ ነገር አይነሳ! ደረበ ከመቀመጫው ወደቀ። ሳጂድ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ ኮራሁበት። አባቴ አልሳቀም፤ ወደ እኔ ዞረ።

«አንች በምን ነቃሽበት?»

ስልኩን ሰጠሁት። ቁጥሩን አየ፤ ከዚያ ላብ ያጠለቀለቀውን የራሱን ሸሚዝ አየ።

«ገንዳ ውሃ ላይ?» አለና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር። ወዲያው ኮስተር ብሎ «አንተ ልጅ፣ ነገር ካለህ ሰው ይላካል እንጂ ሽቦ አይነቀልም። ውጣ!» አለው።

ሳጂድ ሚኒባሱ ላይ ሲወጣ በመስኮቱ ተጠጋሁት።

«ሽማግሌ ሳትልክ ያችን ሶኬት ብትነካት ጣትህን እቆርጠዋለሁ!»

«ከላክሁስ በኋላ?» አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ገባሁ።

ከዚያ ጠፋ። የሰሊጥ መሬት ምንጠራ ደርሶ ሠራተኛ ወደ አርማጭሆ ሲያመላልስ ከረመ። ሹፌሮቹ ተመልሰውልኛል፤ ደረበ ራሱ መኪናውን እኔ ጋ ነው የሚያመጣ። ስልኬ ግን ጢን አይልም። በሰው ፊት አዋርጄው ይሆን? እያልኩ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ባላደረግሁት ግን አላልኩም፤ ይገባው ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጢን አለ።

ሚኒባሱ ቤታችን በር ላይ ቆመ። አጎቱ ሼህ መሐመድና ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጀለቢያቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። ሳጂድ ግን ሙሽራ መሆኑ ቀርቶ ሹፌር ሆኖ ውጭ ቀረ። ሌላ ማን ይንዳው? ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ይዤ ስገባ ሼህ መሐመድ «ልጃችንን ልጅ አድርጉልን» እያሉ ነው። አባቴ እንደ ወጉ ቶሎ እሽ ላለማለት አንገቱን ደፍቷል። ብርጭቆዎቹን እንደያዝኩ በሩ ሥር ቆምኩ።

ስልኬ መስኮቱ ላይ ነበር። ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ከዜሮ በታች አርባ።

ሳቄ አመለጠኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለ አባቴ።

«የሳጂድ መኪና በረደው፣ አባ። ከዜሮ በታች አርባ ይላል።»

«በዚህ ሐሩር?» አሉ ሼህ መሐመድ ደንግጠው።

አባቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ሼህ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ብሎ ስለ ሴንሰሩ፣ ስለ ሶኬቱ፣ በስልክ ስለሚታየው ቁጥር እያንዳንዱን ነገር አስረዳቸው። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡት። «ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ናት» አለ መጨረሻ ላይ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሂጅ እይው እንግዲህ። ይህ በጆሮ የሚሰማ በሽታ አይደለም። ያንች ሥራ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያይተው «ማሻአላህ» አሉ። እኔም ብርጭቆዎቹን አስቀምጬ ወጣሁ። ካቻቢቴም አልያዝኩም።