ሃያኛው ጥያቄ

ሃሴት በዩኒቨርሲቲዋ የምትሠራበት ጥናት ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ ጥቁር ወጣቶች የአሜሪካን ኑሮና ባህል ምን ያህል እንደለመዱ የሚለካ ነበር። የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ከአንድ እስከ አምስት ያለ ቁጥር ነው።

ዊልነር ከሄይቲ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። ቡሪየን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ አሥራ ዘጠኙን ጥያቄ ቀልጠፍ ብሎ መለሰ። ሃያኛው ላይ ቆመ።

«ከባህሌ ውጪ የሆነ ሰው ለማግባት ፈቃደኛ ነኝ» ብላ አነበበችለት።

«ከዛሬ በፊት ነው ወይስ ከዛሬ ወዲህ?»

ቀና አለች። ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። ፈገግታዋን ልትደብቅ ወረቀቱ ላይ ብታቀረቅርም ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

«እኔ የምጽፈው ቁጥር ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው አምስት።»

የቀረውን እንዴት እንደጨረሰችው እንጃ። ደንቡ ግን ግልጽ ነው፤ ጠያቂና ተጠያቂ መቀራረብ አይችሉም። የጥናቱ ሁለተኛ ዙር መጠይቅ እስኪደርስ ሦስት ወር ሙሉ ከልቧ ጋር ስትሟገት ከርማ፣ በመጨረሻ ለፕሮፌሰሯ እውነቱን ተናገረችና ሁለት ዓመት የለፋችበትን ጥናት ለቀቀች።

በእሷ ቦታ ጓደኛዋ ሃኒ ሄደች። ዊልነር «ሃሴትስ?» ሲል ጠየቃት።

«ለቃለች።»

ድፍረቱ ያባረራት መሰለው። አንድ ቁጥር እንኳ ሳይሞላ ተነሥቶ ወጣ።

ሃሴት ይህን ከሃኒ እንደሰማች፣ በማግስቱ አርብ ቀትር ላይ የኤርፖርት ሠራተኞች አውቶቡስ የሚሳፈሩበት ቦታ ሄዳ ጠበቀችው። አንጸባራቂ ሰደርያውን በክንዱ አንጠልጥሎ ሲመጣ አያትና ባለበት ደርቆ ቀረ።

«በእኔ የተነሣ ነው ሥራሽን የተውሽው፣ አይደል? ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«አዎ፣ በአንተ የተነሣ ነው። ግን ይቅርታ አትበለኝ። ልለካህ አልቻልኩም፤ ወደድኩህ።»

ሻካራ እጁን ዘረጋላት። ያዘችው። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

ስልኳ ጮኸ። ፌደራል ዌይ ከተማ አረጋውያን የምትንከባከበው እናቷ ማንአልሞሽ ነበረች፤ «የአገርሽን ልጅ አግብተሽ ልይ» እያለች ዘወትር የምትወተውታት።

«እማዬ፣ ዛሬ ሰው ይዤ እመጣለሁ። የምወደውን ሰው። ከሄይቲ ነው።»

ሃሴት የዊልነርን እጅ ጠበቅ አደረገች።

«እና…» አለች ማንአልሞሽ፣ ድምጿ ሰልሎ። «አርብ መሆኑን ነግረሽዋል? ሥጋ የለም። ሽሮ ይበላል?»

የሃሴት ዓይን እንባ አቀረረ። ወደ ዊልነር ዞራ «ሽሮ ትበላለህ ወይ ትልሃለች» አለችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችና «ይበላል፣ እማዬ» አለች።