የከርሞው ሌኒ

ነገሩን የሰማችው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ወይም የሰባት። እሑድ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው የክት ጫማዋን ገና አላወለቀችም። ሬና ከላይ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ፣ አባቷና አጎቷ ዴል ወጥ ቤት ውስጥ ሲጨቃጨቁ ትሰማለች። የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናቸው፣ መርከበኞቹ፣ የዚያን ዓመት የተጫዋች ምልመላ ወረፋውን ለሌላ ቡድን ሰጥቶ በምትኩ የሚቀጥለውን ዓመት ወረፋ ወስዷል። አጎቷ ደሙ ፈልቷል።

«ከርሞ፣ ከርሞ... ከርሞን ማን አየው?»

ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ትዝ ይላታል። ቀጥሎ የአባቷ ድምፅ፣ ያ ዝግ ያለው፣ ጠጠር ላይ እንደሚሄድ ጎማ የሚንኮሻኮሸው፣ «ምን ችግር አለ፤ እኔ አለሁ» አለ። ወይም «እኛ አለን» ነበር ያለው። ከዚያ በኋላ የተባለው ጠፍቶባታል። የቀረላት ነገር ቢኖር፣ ያን ቀን ከርሞ የሚባለው ነገር አንድ የታወቀ ስፍራ፣ አባቷ ቀድሞ ሄዶ ወንበር ይዞ የሚጠብቃት ስፍራ መስሎ እንደተሰማት ነው።

አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ያ ድምፅ ግን የለም። ባለፈው ጥቅምት ሐኪሞች የአባቷን ማንቁርት ከነካንሰሩ አውጥተውታል። የሚተነፍሰው አንገቱ ሥር ባለች ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳዋንም እናቷ በሰፋችለት ስስ ጨርቅ ይሸፍናታል። የሚናገረው ደግሞ ከአንገቱ በማትለይ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነው። ሠላሳ ዓመት በከተማቸው በፖርት ሃርላን የሐይቅ ወደብ ላይ የብረት ማዕድን በክሬን ሲያራግፍ የኖረ ሰው፣ ከአንዱ መርከብ ጫፍ ወደ ሌላው ሲጣራ ከተማው ሁሉ የሚሰማው ሰው ነበር።

ሰኞ ዕለት ሰሌዳውን ወደ ሬና ገፋ አድርጎ፣ «ዘንድሮ ድምፅሽን አውሺኝ» ብሎ ጻፈላት። እሷም ሳታንገራግር እሺ አለች።

የሬዲዮውን ነገር ማለቱ ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ከምልመላው ቀን በፊት ባለው ረቡዕ፣ የአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ለደጋፊዎች ስልኩን ክፍት ያደርጋል። አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም ሳያጓድል ደውሏል። ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ተጫዋቾች ቡድኖቹ በወረፋ ነው የሚከፋፈሏቸው፤ አምና ክፉኛ የተሸነፈው ቀድሞ ይመርጣል። ወረፋም እንደ ዕቃ ይለወጣል። የአባቷ የሌኒ እምነት ደግሞ አንድና አንድ ነበር፦ ዘንድሮ አትቸኩሉ፣ የዘንድሮን ስጡና የከርሞን ሁለት እጥፍ ተቀበሉ፣ ዛፍ የሚተከለው ለጥላው ነው። አዘጋጁ ቴድ ማሎይ ገና ድምፁን ሲሰማ፣ «መጣላችሁ፣ የከርሞው ሌኒ» እያለ ይቀልድበት ነበር። አባቷም አይቀየምም። ሐሳቡን ሲጨርስ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነበር የሚሰናበተው፦ «የከርሞ ሰው ይበለን፣ ቴድ።»

ሲደውል ቤት ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ክልክል ነው፤ ድምፁ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ይጮኻል። ስለዚህ ሬናና እናቷ ደጅ የቆመው መኪና ውስጥ ገብተው፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ነበር የሚያዳምጡት። አባቷ በወጥ ቤቱ መስኮት ወዲህ ወዲያ ሲል ያዩታል፤ ድምፁ ግን ከመኪናው ሬዲዮ ነው የሚመጣው። ልጅ ሳለች ይህ ተአምር ይመስላት ነበር።

ያን ረቡዕ ትምህርት ቤት ውስጥ ብሬት የሚባል የክፍሏ ልጅ ሙድ ሊይዝባት ሞክሮ ነበር። ፋዘርሽ ዘንድሮም ጠብቁ ሊለን ነው ወይ፣ እኔኮ ጠብቄ ጠብቄ ጢም አወጣሁ አላት። እሷም ጢምህን ሊያወጣ የሚችለው ተአምር ብቻ ነው ብላ ልጆቹን አሳቀችበት። ከዚያ ብሬት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ተሻለው አይደል ሲል ጠየቃት። ሬና ምርመራው ሁሉ ጥሩ ነው፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብላ መለሰችለት። እናቷ የነገረቻትን ነው የነገረችው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ጠበቃት። ለሬዲዮው ያዘጋጀው አራት ገጽ ነው፤ በትልልቅ ፊደል፣ ስታነብበው እንዳያስቸግራት አንዱን መስመር እየዘለለ ጽፎታል። እናቷ ከምትሠራበት ዳቦ ቤት የምትመለሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ የበሩን የዝንብ መከላከያ ሽቦ ያንኳኳል። አባቷ በሰሌዳ መጻፊያው ጫፍ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ፤ ጀምሪ ማለቱ ነው። ሬናም ጮክ ብላ መለማመድ ጀመረች።

የመጀመሪያው ገጽ ስለ ዶይል ሃቸር ነበር። የመሃል መካች ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከሌላው ሁሉ ፊት አጎንብሶ ግፊያውን በደረቱ የተቀበለ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላውና በመጋቢት አሰናበቱት። ከተማው እስካሁን እንደተቆጣ ነው። ሌኒ ግን አልተቆጣም።

«ዶይልን ማሰናበታቸው ያሳዝናል፤ ስሕተት ግን አይደለም» ብላ አነበበች ሬና። «ደግ ያደረጉት አንድ ነገር አለ። አሠልጣኙ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ቀደም ብሎ ነገረው። ሰው ነገሩን ከጋዜጣ መስማት የለበትም። የራሱ ጉዳይ ከሆነ ቀድሞ ሊነገረው ይገባል።»

«አሪፍ ነው» አለችው። አባቷ ራሱን ነቀነቀና ገጹን ግለጪ አላት በእጁ።

ሁለተኛው ገጽ ስለ ተከላካዮቹ ነበር፤ እንደ ወትሮው ረጅምና ትንሽ አሰልቺ። ሦስተኛው ላይ ደረሰች።

«አሁን ወደ ምልመላው ልምጣ። ደቡብ ውስጥ ዛቪየር ቦውን የሚባል ተቀባይ አለ። ሲሮጥ ሣሩን የሚነካው አይመስልም። በእኛ ወረፋ አይደርሰንም፤ ከላይ ያሉት ይወስዱታል። ስለዚህ የከርሞን የመጀመሪያ ዙር ወረፋ ስጡ። የሁለተኛውንም ጨምሩበት። ዘንድሮ አምጡት።»

ሬና ቆመች። መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ለራሷ ደግማ አነበበችው።

«አባዬ፣ ተሳስተህ ነው? የከርሞን ስጡ ነው የሚለው።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ፤ አልተሳሳትኩም ማለቱ ነው።

«አንተ? የከርሞን?»

መስኮቱን ማየት ጀመረ። ሬና አራተኛውን ገጽ ገለጠች። ስለ ኳስ ለጊው ሁለት መስመር አለ፤ ለቴድ ማሎይ ስለ ቆየው ወዳጅነት ምስጋና አለ፤ ከዚያ ባዶ ነው። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ጀርባውም ባዶ ነው። የከርሞ ሰው ይበለን የሚለው ቃል የትም የለም።

ምርመራው ጥሩ ነው ስትል እናቷ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ እንደነበር ትዝ አላት። አጎቷ ዴል በየሳምንቱ ሦስት ሰዓት መኪና እየነዳ መምጣት የጀመረው ከየካቲት ወዲህ መሆኑም ትዝ አላት። ዓሣ ሊበላ ነበር የመሰላት።

የመጀመሪያውን ገጽ ከሥር አወጣችና፣ ስለ ዶይል ከተጻፈው የመጨረሻውን መስመር አነበበችለት።

«የራሱ ጉዳይ ከሆነ ቀድሞ ሊነገረው ይገባል።» ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጠችው። «አንተ ነህ የጻፍከው።»

አባቷ የገዛ ፊደሉን ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሰሌዳውን አነሣና፣ በእጅጌው ጠርጎ፣ በትንንሹ ጻፈ። ሰጣት።

«ሐኪሞቹ የካቲት ላይ ነገሩን። ሳንባ ደርሷል። መስከረም ቢበዛ፤ ምናልባት የመክፈቻውን ጨዋታ። እናትሽ ፈተናሽ ይለፍ አለች። እኔም ፈራሁና እሺ አልኩ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

ሬና አላለቀሰችም፤ ወይም ማልቀሷን አላወቀችም። ፊደሎቹን ማጥፋት ፈራች። ሰሌዳው ትንሽ ስለሆነ፣ ሌላ ነገር ለመጻፍ ይህ መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ደግሞ አባቷ ሌላ ነገር ሊላት አይችልም። በመጨረሻ እሱው በመዳፉ አጠፋው። መዳፉ ጠቆረ። ያንን መዳፍ ያዘችው፤ እንደዚያ ሆነው ብዙ ተቀመጡ። አባቷ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ማዕድ ላይ የሚላትን ጸሎት እያለ መሆኑን ከቅርጹ አወቀችው።

አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። መደርደሪያው ላይ ያለችው ሬዲዮ ከጠዋት ጀምሮ ዝቅ ብላ እንደተከፈተች ናት። አንድ ደዋይ ስለ ዶይል ሃቸር እየተራገመ ጨረሰ። ቴድ ማሎይ እስቲ አንዴ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘንድሮ ከፖርት ሃርላን ስልክ አልመጣልኝም አለ፤ ወንበሩ ክፍት ነው፣ የሚሰማኝ ከሆነ ሰላም በሉልኝ አለ። ያለ ቀልድ ነበር ያለው።

አባቷ የጻፋቸውን ገጾች ሰብስቦ አጣጠፋቸው። አታንብቢ፣ ይቅር ብሎ እጁን አወዛወዘ። ሬና ግን ወረቀቶቹን ከእጁ ወሰደችና ሦስተኛውን ገጽ መልሳ ዘረጋችው።

«ለምን እሱን ፈለግከው? ቦውንን።»

«አንድ ጊዜ በእኛ ማሊያ ሲሮጥ ማየት ፈልጌ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፦ «ሃያ ሁለት ዓመት ጠበቅኩ።»

ልክ ነው። ጠብቋል። ያን ሁሉ ዓመት የከርሞን ሲያከማች፣ መርከበኞቹ ዋንጫ ሳይሆን አንድ የረባ የውድድር ዘመን እንኳ አላሳዩትም። ሬና ይሄን ስታስብ ዐይኗ እንደገና ተሞላ። ቢሆንም ሌላ ነገርም አሰበች፤ አስባውም አፈረች፤ ቢሆንም ተናገረችው።

«ሁለቱንም ከሰጠህ እኔ ከርሞ ምን ልጠብቅ?»

አባቷ ቀና አለ።

«ከርሞ ሚያዝያ እዚህ የምቀመጠው እኔ ነኝ» አለች። «እማዬ ደግሞ ተከላካይና አጥቂ አትለይም። እኔና አጎቴ ዴል ነን የምንቀረው፤ እሱ ደግሞ ሲጮህ ነው የሚውለው። ባዶ ወረፋ ይዤ ከእሱ ጋር እንድቀመጥ ነው?»

ይህን አላሰበውም ነበር። ፊቱ ላይ ታየ። ከርሞን ለመሸጥ ሲቆርጥ፣ ከእሱ ጋር ያለቀ መስሎት ነበር። የሰሌዳ መጻፊያውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። እንደ አንድ ትልቅ የቡድን ኃላፊ ጣራውን አይቶ አሰላሰለ። እነሱ ምንም ቢጽፉ መርከበኞቹ ነገ የሚያደርጉትን እንደሚያደርጉ ሁለቱም ያውቃሉ። ሆኖም አልተጣደፈም።

«የመጀመሪያውን ተውልኝ» አለችው ሬና በለሆሳስ። «ሌላውን ሁሉ እንደጻፍከው አነብባለሁ።»

አባቷ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «የመጀመሪያ ዙር» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘውና ከጎኑ በጥንቃቄ ጻፈ፦ «የመጀመሪያው አይነካም። የሬና ነው። ሁለተኛውንና የዘንድሮውን ስጡ። በቂ ነው።» ከዚያ ወደ ታች ወርዶ አራተኛው ገጽ ግርጌ ላይ እጁን አሳረፈ። ሬና ጠበቀች። ምንም አልጻፈም። እሷም አልለመነችውም።

ተነሥቶ ሬዲዮዋን ዘጋ። ከሚስማሩ ላይ የመኪናውን ቁልፍ አወረደ፣ ጃኬቱን ደረበ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ አስተካከለ። ቀስ ብሎ ወጣ። በወጥ ቤቱ መስኮት ስታየው፣ በሹፌሩ ሳይሆን ሁልጊዜ እሷ በምትቀመጥበት በኩል ገባና መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

ሬና ቁጥሩን ደወለች። ስልኩን የሚቀበለው ልጅ ስምና ከተማ ጠየቃት።

«ሬና እባላለሁ። ከፖርት ሃርላን። የሌኒ ልጅ ነኝ።»

ልጁ፣ እየተቸገረ፣ መስመሩ ሞልቷል፣ ከፊትሽ አምስት ሰው አለ፣ ትጠብቂያለሽ ወይስ ሌላ ጊዜ ትደውያለሽ አላት።

በመስኮቱ ወደ መኪናው ተመለከተች። አባቷ ጆሮውን ወደ መኪናው ሬዲዮ አዘንብሏል።

«እጠብቃለሁ» አለችው።