የአንቀጥቅጥ ስም

በሳምራዝ ምድር ፀሐይ በቀትር የጠቆረች ዕለት፣ አንቀጥቅጥ የሚሉት አውሬ ከተራራው ወርዶ የእርጋታን ድንጋይ ከቤተ መንግሥቱ ነጥቆ ሄደ። ከዚያ ወዲህ መሬቱ በየሳምንቱ ይናወጣል፤ ግንብ ይናዳል፣ ሰው ያልቃል። ጠቢባኑ ብራና ቢገልጡ «ልቧ ከእግሯ የሚቀድም ልጅ ትደርስበታለች» ይላል። ሁሉም ጀግና ማለት ነው አለ። ውዳሲት የምትባል ልጅ ግን ወዲያው ገባት። ልቧ ያለ ምክንያት የሚጋልብባት፣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ጣቷ የሚደነዝዝባት እሷ ናት።

ሄዳ ብትነግረው ንጉሡ በዘውዱ ማለላት፦ «ድንጋዩን መልሺ፣ ደረትሽ ላይ አስረሽ ሦስት ቀን ትቆያለሽ። ከዚያ በኋላ ፍርሃት አይደርስብሽም።»

ለአገር ብላ አይደለም የሄደችው። ለነዚያ ሦስት ቀናት ነው።

አብሯት የተላከው ደምሳር ሰባት ጦርነት ያየ ባለ መጥረቢያ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ አፉ ላይ ነው። ጥልቁ ገደል ላይ የተዘረጋውን የገመድ ድልድይ ውዳሲት ምንም ሳትሆን ተሻገረች። ማዶ ቁጭ ብላ ቆሎ ስትቆረጥም ያ ፍርሃት ያዛት።

«አይዞሽ» አላት ደምሳር ከላይ ቆሞ።

«እሺ።»

«አይዞሽ እንጂ፣ ምንም የለም እኮ።»

«ጋሽ ደምሳር፣ ምንም እንደሌለማ አውቃለሁ። የሚያናድደኝ እሱ ነው። አንበሳ ቢኖር እሮጥ ነበር።»

«በዚህ መጥረቢያ እምላለሁ፣ የሚያስፈራሽን ሁሉ እቆርጠዋለሁ!»

«ደረቴን ነው የሚቆርጡት?»

ደምሳር አሰበበት። «ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ምንም አይበሉ። ቁጭ ይበሉ።»

አልተቀመጠም። ወታደር ነዋ።

በአምስተኛው ቀን ዋሻው ደረሱ። አንቀጥቅጥ ቤት ያክላል፤ ጥግ ይዞ፣ ድንጋዩን በሁለት መዳፉ ደረቱ ላይ ለጥፎ ተኮራምቷል። ተራራው ይናጣል። ደምሳር መጥረቢያውን አነሳ። ውዳሲት ግን የአውሬውን ትንፋሽ ሰማች፤ አጭር፣ አጭር፣ ሆድ ሳይደርስ የሚመለስ። ይሄን ትንፋሽ ታውቀዋለች።

«ይቆዩ። ስሙን ተሳስተናል።»

«አንቀጥቅጥ አይደለም እንዴ?»

«ተንቀጥቃጭ ነው።»

የያዘችውን ጦር ጣለችና አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች። የራሷም ልብ እየጋለበ ነው። አይዞህ አላለችውም። «ልትሞት መስሎሃል» አለችው። «አትሞትም። እስኪያልፍ እዚሁ ነኝ።» ከጣሪያው ድንጋይ ይረግፋል፤ ንቅንቅ አላለችም። ብዙ ቆየ። የአውሬው ትንፋሽ ቀስ ብሎ ረዘመ፣ ተራራውም ዝም አለ። ከዚያ አንቀጥቅጥ አንገቱን ደፍቶ፣ እንዳፈረ ሰው ድንጋዩን ዘረጋላት።

ያዘችው። ቀዝቃዛ ነው። ልቧ ይህ ነገር ከጀመራት ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። እንዲህ ነው እንዴ ሰው ሁሉ የሚኖረው?

ወዲያው አውሬው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ መሬቱም አብሮት።

ውዳሲት ተራገመች። ብራናውን፣ ጠቢባኑን፣ ንጉሡን ከነዘውዱ ረገመች። ከዚያ ድንጋዩን መልሳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ያዘው፣ ከእንግዲህ ማንም ሊነጥቅህ አይመጣም» አለች ጥርሷን ነክሳ። መሬቱ ጸጥ አለ። እሷን ግን ቅንጣት ደስ አላላትም፤ መንገዱን ሙሉ ጠጠር እየለጋች ተመለሰች።

በከተማው አደባባይ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላት። ድንጋዩ እዚያው ተራራ ላይ እንደሚቀር፣ አውሬው እንዳይነጥቁት ካልፈራ ምድሪቱም ከእንግዲህ እንደማትናወጥ ለንጉሡ አስረድታ ሳትጨርስ ያዛት። እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ተንበረከከች።

ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሣ። «አይዞሽ!» አለ በግርማ። «አይዞሽ!» አለ ሕዝቡ ተከትሎ፣ በሺህ ድምፅ።

ደምሳር መጥረቢያውን አስቀምጦ አቧራው ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። «ንጉሥ ሆይ፣ ይቀመጡ» አለ። «ካልሆነም ዝም ይበሉ።»

አደባባዩ ክው አለ። ንጉሡ ግራ ቀኝ አየና ተቀመጠ። ሕዝቡም ተራ በተራ ተቀመጠ።

«ስንት ይቆያል?» ብሎ ደምሳር በሹክሹክታ ጠየቃት።

«እኔ ምን አውቄ» አለች እየተናደደች፣ በቁርጥራጭ ትንፋሽ።

«እሺ» አለና እግሩን ዘርግቶ ተመቻቸ።