ክዳኑ ላይ የተጫነው ፍም

በሰንገላት ምድር፣ ከዕለታት ባንዱ ጧት፣ ጢስ ወደ ታች ወረደ። ከየቤቱ ጣሪያ የወጣው ጢስ ወደ ሰማይ በመሄድ ፈንታ በግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ተመለሰና በየደጃፉ ተኝቶ ጭጋግ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ጸለዩ። ሲጨርሱ ግን ስለ ምን እንደ ጸለዩ አንዳቸውም አላስታወሱም።

ይህ የውዥባር እስትንፋስ ነበር። ውዥባር በቀርሜት ተራራ ራስ ላይ ባለው ዋሻ የሚኖር፣ አካሉ ከጉም የሆነ ዘንዶ ነው። ሥጋ አይበላም፤ ምግቡ የሰው ልጅ ማስተዋል ነው። ጭጋጉ በከተማይቱ ላይ ከወደቀ ወዲህ ነጋዴው በራሱ ጨው ዋጋ ከራሱ ጋር ሲከራከር ዋለ። አንድ ሙሽራ የማያውቃቸው ሰዎች ቤት ገብቶ ራት ጠየቀ፤ እነሱም ልጃቸው መስሏቸው አበሉት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሲያስቅ ሰነበተ፤ እናቶች ሕፃናትን ማጥባት መርሳት ሲጀምሩ ግን ሳቁ ቀረ።

ከሁሉ የከፋው የንጉሥ ኦርዳን ነበር። ንጉሡ ዜናዊት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። እናቷ የሞተችው እሷ ገና ስትድህ ስለ ነበር፣ አሳዳጊዋ እሱ ራሱ ነው። ጧት ከአልጋው ሳይወርድ ስሟን በረጅሙ ይጠራል፤ እሷም ከጓዳ ሆና አቤት ትላለች። የቤቱ ቀን የሚጀመረው በዚህ ነበር። አሁን ግን ባያት ቁጥር በትሕትና አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?» ይላታል። የእርስዎ ነኝ ስትለው፣ እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ አባት የታደለ ነው ብሎ ይመርቃትና ወደ መስኮቱ ይዞራል። የከተማው ጥፋት ያሳዝናት ነበር፤ እንቅልፍ የነሣት ግን ይህ ነው። ያ አፍ ስሟን አንድ ጊዜ እንኳ ቢጠራው ሌላ አትፈልግም ነበር።

የሕግና የትንቢት ጠባቂው መምህር ዮርማ፣ ጭጋጉ ሙሉ በሙሉ ሳያገኘው በፊት፣ ከአባቶች የተረከበውን ቃል አነበነበላት።

«ጢስ ወደ ምድር በወረደ ጊዜ፣ ንጉሡ በቀርሜት ራስ፣ በውዥባር ደጃፍ፣ በሁለት እሳት መካከል የበሰለ ትኩስ ዳቦ ይቁረስ። ያን ጊዜ ጉሙ ወደ መጣበት ይመለሳል።»

ከቃሉም ጋር አንድ የብረት ድስት ተላልፎ ነበር። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሦስት አጫጭር እግሮች ያሉት፤ ክዳኑ ጠፍጣፋ ሆኖ ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ የተበጀለት። ጠርዙ ለምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ጠፍቶ ሊቃውንቱ ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። ለንጉሥ መጠጫ ነው ያሉ ነበሩ፤ ቀጥቃጩ ገልብጦ ሠርቶት ነው ያሉም ነበሩ።

ዜናዊት እጇን በድስቱ ላይ ጭና ማለች። «በፈጠረኝ አምላክ ፊት እናገራለሁ፤ አባቴ ወደ ልቡ እስኪመለስ ድረስ ወደ ቤቴ አልመለስም። ይህን ብተው ምድር አትቀበለኝ።»

ወጡ። ንጉሡ በበቅሎ፣ ዜናዊትና መምህር ዮርማ በእግራቸው፣ ድስቱ ደግሞ በሀርቤ ጀርባ። ሀርቤ በሰንገላት የታወቀ ጦረኛና ከዚያም በላይ የታወቀ ጉረኛ ነበር፤ ይህ ድስት ከአማቴ ምላስ ይከብዳል እያለ ዳገቱን ሁሉ አማረረ። ንጉሡ ወደ ሠርግ የሚሄዱ ስለ መሰለው፣ የሙሽራዪቱ ወገኖች ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ብሎ ሀርቤን ጠየቀው። ሀርቤም ደግ ሰዎች ናቸው፣ ትንሽ ጭጋግ ያበዛሉ እንጂ ብሎ መለሰለት።

ከፍ ባሉ ቁጥር ጉሙ ወፈረ። አንዱን ቋጥኝ ደጋግመው ዞሩት፤ ባለፉት ቁጥርም ሀርቤ፣ እንዲህ ያለ ቋጥኝ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም ይላል። እንዳይጠፋፉ ወገባቸውን በአንድ ገመድ ታሰሩ። ጥቂት እንደ ሄዱ ግን መምህር ዮርማ ለምን እንደ ታሰረ ረሳና፣ ሀርቤን ሽፍታ ነህ ብሎ ያዘው። ሀርቤም ምናልባት እሆን ይሆናል ብሎ ተጠራጠረ። ሁለቱን ያስታረቀቻቸው ዜናዊት ናት፤ እሷም ብትሆን እየጸለየች ስትራመድ፣ ጸሎቱን ከመካከሉ ጀምራ መጀመሪያውን ስትፈልግ ነበር።

በመጨረሻ ዋሻው አፍ ደረሱ። ቀን ይሁን ማታ አይታወቅም፤ ሁሉ ነገር ነጭ ነው። ዜናዊት ከአቁማዳው ዱቄት ሰፍራ አቦካች፤ ሀርቤ የወይራ ግንድ ፈልጦ እሳት አያያዘ። በሁለት እሳት መካከል ስለ ተባለ፣ በቀኝና በግራ ሁለት ትልልቅ እሳት አንድደው ድስቱን በመካከል አስቀመጡት። ዳቦው ሲወጣ ጎንና ጎኑ ከሰል፣ ሆዱ ሊጥ ነበር። ሀርቤ ቀምሶ፣ ጨው በዝቷል አለ። ሁለት ጊዜ የጨመረው ራሱ ነው።

ያን ጊዜ መምህር ዮርማ ተመራመረ። አንደኛው እሳት ከሥር የሚነደው ነው፣ ሁለተኛው እሳት ፀሐይ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ድስቱ ሳይከደን ይቀመጥ አለ። ነገሩ ጥበብ ያለበት መሰላቸው። ዳቦው ከሥሩ ጠቆረ፤ ከላዩ ግን ጉሙ ጠብ ጠብ እያለበት እንደ ጭቃ ቀረ። በዚያ ተራራ ፀሐይ እንደሌለች አንዳቸውም አላሰቡም ነበር።

የቀረው ዱቄት ለአንድ ዳቦ ብቻ የሚበቃ ነበር። ዜናዊት አቡክታ ካስቀመጠች በኋላ ክዳኑን በጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠርዙን በጣቷ ስትከተል ቆየች። ከሥሩ ይቃጠላል፣ ከላዩ አይበስልም። ጠርዙ የሚይዘው ነገር አለ፤ ውሃም ጠጅም አይደለም። ፍም ነው። ይህን ስታውቅ ቀና ብላ መምህሩን አየችው። እሱም ደርሶበት ኖሮ ፊቱ ተለውጧል።

በሰንገላት ሰው ሲሞት፣ ከገዛ ምድጃው ፍም ወስደው በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ይጭናሉ። ፍሙ ሲከስም ስሙም አብሮ ይከስማል፤ ከዚያ ወዲያ ያን ስም ወዳጅም ጠላትም አይጠራውም። ከሥር ያለ እሳት የሕያዋን፣ ከላይ የተጫነ እሳት የሙታን ነው። በመብል ላይ ፍም የጫነ ሰው፣ በቁሙ ከሙታን እንደ ተቆጠረ ሕጉ ይናገራል። አባቶች ድስቱን ሠርተው አጠቃቀሙን የረሱት ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ይሆናል።

«ልጄ» አለ መምህር ዮርማ፣ «ይህን ካደረግሽ በሰንገላት ስምሽን የሚጠራ አይገኝም። አባትሽም ቢሆን።»

ሀርቤ ድንገት ተነሥቶ፣ የኔ ስም የሚጠራው ለጠብ ብቻ ስለ ሆነ ቢቀር ማንም አይጎዳም፣ እኔ ልጫነው ብሎ ወደ እሳቱ ሄደ። ዜናዊት ክንዱን ያዘችው።

«ተው፣ ሀርቤ። አንተን በስምህ የሚጠሩ ቤት ሙሉ ሰዎች አሉህ። እኔን ይጠራኝ የነበረ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አሁን አያውቀኝም።»

ከዚያም አማትባ በአጭር እንጨት ፍሙን እየገፋች፣ ጥቂቱን ከድስቱ ሥር፣ ብዙውን በክዳኑ ላይ ዙሪያውን ደረደረች። ጣቶቿ በአመድ ነጡ። መምህር ዮርማ ፊቱን ሸፈነ።

ውዥባር ነገሩ የተሰማው ይህን ጊዜ ነው። ከዋሻው ውስጥ የጉም ክንድ የሚመስል ነገር እየተጠቀለለ ወጣ፤ ዓይን አልነበረውም፤ ድምፅ ግን ብዙ ነበረው። ሀርቤ ጦሩን ሰብቆ፣ እየፎከረ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወጋው። ጦሩ ጉሙን ሰንጥቆ አልፎ የበቅሎዋ ኮርቻ ላይ ተተከለ። በቅሎዋ ዞራ አየችው።

ድስቱ በየጊዜው ወደ ቀኝ፣ ክዳኑ ወደ ግራ ካልዞረ ዳቦው ባንድ ወገን ያርራል፤ ይህን ከሁለቱ ጥፋቶች ተምራለች። ግን ጉሙ ሲነካት፣ አሁን አዙራ እንደ ሆነ ወይስ ገና ልታዞር እንደ ሆነ ጠፋባት። ይህ እሳት የማን ነው? በድስቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ይህች እጅስ የማን ናት? በዚህ ግራ መጋባት መካከል ከዋሻው ድምፅ መጣ።

«ዜናዊት!»

የአባቷ ድምፅ ነበር። በረጅሙ፣ ልክ እንደ ጧቱ። እግሯ ራሱ ተነሣ። በጎኗ ግን ንጉሡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ሠርገኛው ምነው ዘገየ እያለ ለራሱ ሲያጉተመትም ሰማችው። ስሟን የጠራት የሚያውቃት አልነበረም፤ የሚያውቃት የነበረው ደግሞ አልጠራትም። ድምፁ ደጋግሞ ጠራት። ከዚህ በኋላ በዚህ ዓለም የማትሰማው መሆኑን እያወቀች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እንባዋ በፍሙ ላይ እየተንጨረጨረ፣ ክዳኑን ወደ ግራ አዞረችው። ደግማም አዞረችው።

የበሰለ ዳቦ ሽታ ሲመጣ ክዳኑን ከነፍሙ አንሥታ ሣሩ ላይ አኖረችው። ዳቦው ከላይም ከታችም ወርቅ መስሎ ነበር። በቅጠል ይዛ ለንጉሡ ሰጠችው። ንጉሡ ግን እንግዳ ነኝና ቀድሜ አልቆርስም፣ የሙሽራዪቱ አባት ይቁረስ ብሎ ለሀርቤ አቀበለው። ሀርቤ የዘንዶው ጅራት አንገቱ ላይ እየተጠመጠመ፣ በግንባሩ ተደፍቶ፣ በቤታችን ሲሆን የሚቆርሰው እንግዳ ነው፣ እባክዎ አያሳፍሩን ብሎ ለመነው። ንጉሡ ለባለቤቶቹ ክብር ሲል ቆረሰ።

ከዳቦው የወጣው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣ። ጉሙ ተከተለው፤ ከሸለቆው፣ ከከተማው፣ ከዋሻው እየተመዘዘ ወደ ላይ ተሳበ። ውዥባር በብዙ ድምፅ ጮኸ፤ ድምፁም አንድ በአንድ ጎድሎ በቋጥኙ ላይ እርጥበት ብቻ ቀረ። ፀሐይ ታየች። ለካ ረፋድ ኖሯል።

ንጉሥ ኦርዳን የያዘውን ቁራሽ ተመለከተ። ሀርቤን አየ፣ መምህሩን አየ። ከዚያ ልጁን አየና ፊቱ በራ። ስሟን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ በዚያው ዓይኑ ሣሩ ላይ ባለው ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ባለው ፍም፣ በጣቶቿ ባለው አመድ ላይ ዐረፈ። አፉ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ሀርቤ ቶሎ ብሎ የጫንኩት እኔ ነኝ አለ። መምህር ዮርማም በእርጅናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸ፤ በጉሙ ብዛት ምንም አላየሁም አለ። ዜናዊት ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። አውቄ ነው ያደረግሁት።»

ንጉሡ ቁራሹን በእጁ አገላበጠ። «እናትሽን ከቀበርኩ ጀምሮ ስሟን በአፌ አላነሣሁትም» አላት። «በዚህ አገር ያሉ መበለቶች ሁሉ እንደኔው አፋቸውን ይዘው ይኖራሉ። ሕጉ ይከበር ብዬ የፈረድኩባቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ለኔ ልጅ ብዬ ባፈርሰው፣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«አይችሉም» አለች። «እኔም አላስፈርስዎትም።»

አጠገቡ ስፍራ ለቀቀላት፤ ተቀመጠች። ዳቦውን አራቱም በሉት፤ ሀርቤም ጨዉ ልክ ነው አለ።

ቁልቁል ሲወርዱ ንጉሡ ሰውን ሁሉ በስሙ መጥራት አማረው። ሀርቤን ጠራ፣ መምህር ዮርማን ጠራ፣ በቅሎዋን ሳይቀር በስሟ ጠራት። ልጁን ሲፈልግ ግን ልጓሙን ስቦ መንገዱ መካከል ይቆማል። ዜናዊትም ፊት ፊት እየሄደች ሳለ፣ የበቅሎዋ ኮቴ ዝም ሲል፣ ዞር ትላለች።