የታሸገው ዓሣ ቤት

እስቲ መልስ፣ አንባቢ፤ የመንግሥት ማኅተም ባረፈበት በር ጀርባ ሰው ሞቶ ቢገኝ ገዳዩን ከማን ጀምረህ ትፈልጋለህ? ከሚስቱ? ከሸሪኩ? ከሠራተኛው? ኢንስፔክተር ፀደንያም እንዳንተው ከእነሱ ጀመረች። አይፈረድባትም፤ ማኅተምን መጠርጠር ማንም አላስተማረንም።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እናትዓለም የምትባል ሴት ከሹም አቦ ሰፈር እየሮጠች ፖሊስ ጣቢያ ደረሰች።

«ዓሣ ቤታችንን ክፈቱልኝ!» አለች። «ባሌ አንዳርጋቸው ከማክሰኞ ወዲህ ቤት አልገባም።»

«ዓሣ ቤቱ ሰኞ ታሽጎ የለም እንዴ? እዚያ ምን ያደርጋል?»

«ልቤ ነው የነገረኝ።»

ፀደንያ የሴትዮዋን ዓይን አየች። የምታውቀውን ነገር ለመናገር የፈራች ሰው ዓይን ነበር። ነገር ግን ፖሊስም ቢሆን ቤቱን ካሸገው የመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ሳይዝ ማኅተም መቅደድ አይችልም። ደብዳቤው ተጠየቀ። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ስብሰባው ሲያልቅ ማኅተም ያዡ ምሳ ወጥቷል ተባለ። ደብዳቤው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። አንዲት መስመር ለመጻፍ አምስት ሰዓት ሙሉ!

ቤቱ ከሐይቁ ዳር፣ ከደንገሉ አጠገብ ነው። የፊት ለፊቱ በር ላይ «ታሽጓል» የሚለው ወረቀት ከነማኅተሙ ሳይነካ ተለጥፏል። በሩ ሲከፈት የታመቀ የጭስ ሽታ ወጣ። መስኮቶቹ በፕላስቲክ ተሸፍነዋል። መሐል ላይ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል አለ፤ በውስጡ አመድ የሆነ ከሰል፣ በላዩ ሽቦ ላይ የተደረደረ የቀረሶና የአምባዛ ዓሣ። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ውኃ ነክሮት የደረቀ፣ ከሥሩ ያረረ ጆንያ ተጥሎበታል። አንዳርጋቸው መብራት ከተቆረጠበት ትልቅ ፍሪጅ ጀርባ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ነጠላ ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦታል። ፊቱ ቀልቶ የሞተ ሰው አይመስልም።

«የከሰል ጭስ ነው» አለ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ። «የሞተው ማክሰኞ ሳይሆን አይቀርም።»

ወደ ሐይቁ የሚያስወጣው የጓሮ በር በአዲስ ጓጉንቸር ከውጭ ተቆልፎ ተገኘ።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩን በስልክ ሰምቶ ለመፍረድ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። «በሩ ከውጭ ተቆልፏል። የቤቱን ቁልፍ የሚይዘው ሸሪኩ ነው። እሑድ ዕለት ሰው እያየ ተጣልተዋል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? አስገቢውና ጨርሺ!»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይታገሡኝ።»

«እስከ አሥራ አንድ። ከዚያ በነፍስ ግድያ ይገባል።»

ሸሪኩ ይትባረክ አርባ ዓመት የሆነው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ተጠርቶ ቀረበ።

«ጓጉንቸሩ ያንተ ነው?»

«የኛማ ዝጓል። ይሄኮ ገና የሱቁ ዘይት አለበት።»

«እሑድ በምን ተጣላችሁ?»

«በቢሮው አዲስ መመሪያ። ከሐይቁ ሃምሳ ሜትር ራቁ፣ ግድግዳውን ሴራሚክ አልብሱ፣ የማቀዝቀዣ ክፍል ሥሩ ተባልን፤ በአሥር ቀን! እኔ እንዝጋውና ሌላ ሥራ እንፈልግ አልሁ። እሱ አሥራ አንድ ሠራተኛ ሴቶች ወዴት ልበትን አለ።»

«ማክሰኞ የት ዋልህ?»

«ዘንዘልማ፣ ግንባታ ላይ ብሎኬት ስሸከም።» የቆሰለ መዳፉን ዘረጋ። «ዓሣ የለመደ እጅ እንዲህ ይሆናል።»

ስልኩን ተቀብላ የማክሰኞ ጥሪዎችን አየች። የእናትዓለምንም አየች። በሁለቱም ስልኮች ላይ ያው አንድ ቁጥር ነበረ። ቁጥሩን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

የሴቶቹ አለቃ ሙሉነሽ ሃያ ዓመት ዓሣ የሰነጠቀች፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ ከሰኞ ወዲህ እዚህ ገብተዋል?»

«እኔ? ማኅተም ጥሼ? በስተርጅና እስር ቤት ገብቼ ምን አባቴ ልሠራ!»

«ቢላዋ በየትኛው እጅዎ ነው የሚይዙት?»

«በግራ። እናቴ ገርፋ ገርፋ ተወችኝ። ምነው ልጄ፣ ልትድሪኝ ነው?»

ፀደንያ አልሳቀችም። ሽቦው ላይ ካሉት ዓሦች ግማሾቹ የተሰነጠቁት ግራኝ በሚይዝበት አቅጣጫ ነበር።

ከቢሮው ደብዳቤውን ይዞ የመጣው ቴዎ ነው፤ ሰኞ ቤቱን ያሸገውም እሱ። ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ።

«ከሰኞ ወዲህ እዚህ መጥተሃል?»

«አልመጣሁም። በዚህ ሳምንት ሃያ ሦስት ቤት አሽጌአለሁ፤ ጊዜውስ የት አለኝ?»

«ሃያ ሦስት ቤት ስታሽግ እንቅልፍ ይወስድሃል?»

«ባለፈው ዓመት በተበላሸ ዓሣ ሰው ታሟል፣ ኢንስፔክተር። መመሪያው ከሜዳ አልመጣም።»

ይህ እውነት ነው። የሚያናድደውም ይኸው ነው። የታመመው ሰው እውነት፣ የቆሸሸው ወለል እውነት፤ መድኃኒቱ ግን አሥር ቀንና አንድ ወረቀት! ሴራሚኩ ከየት ይምጣ፣ ቦታውን ማን ይስጥ፣ እስከዚያ አሥራ አንድ ቤት ምን ይብላ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበረም።

ፀደንያ ብቻዋን ወደ ጓሮ ዞረች። ውኃው ደንገሉን እየነካካ ይመለሳል። መሬቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተበትኗል፤ ጉንዳኖች ግን ቅርፊቱን እያለፉ በሩ ላይ ይወጣሉ። በደረቷ ከፍታ፣ የበሩ ሳንቃና መቃኑ በሚጋጠሙበት ላይ፣ መዳፍ የምታህል ባዶ ቦታ ከበው ይልሳሉ። ተጠግታ አየች። በጥፍሯ ከእንጨቱ ስንጥቅ አንዲት ቁራጭ አወጣች። ከዚያ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄደችና ጉንዳን ፈለገች። እዚያም ነበሩ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አራቱንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበች። ሌሎቹ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይሰማሉ።

«ጭስ ያፈነው ሰው ወደ በር ይሮጣል» አለች። «አንዳርጋቸው ግን ከበሩ ሸሽቶ ፍሪጅ ጀርባ ገባ። ኮቴው እንዳይሰማ ጫማውን አወለቀ። ጭሱ እንዳይታይ ከሰሉን እርጥብ ጆንያ አለበሰው። እንዲያ የታፈነ ከሰል ነው ሰው የሚገድለው። ይህ ሰው ከማን ነበር የሚደበቀው? ከሚስቱ?»

«ከኔማ ምን አስደበቀው!» አለች እናትዓለም።

«ከእትዬ ሙሉነሽም አይደበቅም፤ ማክሰኞ አብረውት ዓሣ ሲሰነጥቁ ነበር።»

የሙሉነሽ ትከሻ ወረደ። «አዎ፣ ገባሁ! የጓሮውን በር አላሸጉትም ነበር። ፍሪጁ ጠፍቶ ያ ሁሉ ዓሣ ሊበሰብስ ነው፤ እናጪሰውና እናትርፈው አለኝ። በጓሮው በር አየር እየገባልን ሠራን። ሰባት ሰዓት ላይ ቅርጫት ላመጣ ሄድሁ። አሥር ሰዓት ስመለስ በሩ መቆለፉን ከሩቅ አየሁ። ገዢ ሊፈልግ ወጣ ብዬ ተመለስሁ። እሱ… ለካ እዚያው ነው!»

«ከይትባረክም አይደበቅም። ቢያየው ቢበዛ ይጮህበት ነበር እንጂ አያስረውም።» ወደ ሸሪኩ ዞረች። «አንተ ግን ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አንድ ቁጥር ደውለሃል።»

ይትባረክ መሬት መሬት አየ። «ሲታሸግ እማኝ ሆኜ ፈርሜአለሁ። ቤቱ ተከፍቶ ቢገኝ እኔም እታሰራለሁ ተብዬአለሁ። ከዘንዘልማ ለምሳ ስመለስ የጓሮው በር ገርበብ ብሎ አየሁት። ልጆች አሉኝ። ደወልሁ… ቆልፉት አልሁ እንጂ ሰው አለ አላልሁም፤ አላየሁም!»

«ያው ቁጥር ከሩብ ሰዓት በኋላ ለእናትዓለም ደወለ። ባልሽ የት ነው ብሎ ጠየቀሽ። ምን አልሽው?»

እናትዓለም ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ሐሙሲት ከተማ ሄዷል አልሁ። እንዳያስሩት ብዬ! ሁለት ቀን ዓሣ ቤቱ አድሬ ሥራውን እጨርሳለሁ ብሎኝ፣ ስልኩን ሲጮህ እንዳይሰማ ቤት ትቶት ነው የሄደው። እኔ ነኝ… በአፌ…»

«ቴዎ» አለች ፀደንያ ቀስ ብላ። «የምትለጥፉበት ሙጫ ከምን ነው?»

«ምን?»

«ሙጫው።»

«ከዱቄት ነው። ግዢው ስላልጸደቀ ጸሐፊዋ ቢሮ ውስጥ ታበስለዋለች።»

ከአጥሩ ውጭ አንዷ ሳቀች።

«ጉንዳኖቹም ወደውታል። የፊት ለፊቱን በር ወረቀት ዙሪያውን እየበሉት ነው። የጓሮውንም በር ይልሳሉ፤ እዚያ ግን ወረቀት የለም። ነበር፤ ተቀዷል። ይህች ቀርታለች።» ሐምራዊ ቀለም ያለባትን ቁራጭ በመዳፏ ዘረጋች። «ጓጉንቸር ስም የለውም፤ ማሸጊያ ወረቀት ግን ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ አለበት። ዛሬ ጠዋት ደብዳቤ ስንጠይቅ የሰማኸው አንተ ነህ፤ ስምንት ሰዓት ድረስ ጊዜ ነበረህ። ያ ስልክ ቁጥርም ያንተ ነው፤ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ተጽፏል። አንዳርጋቸው ትንፋሹን ውጦ የተደበቀው የማንን ድምፅ ሲሰማ ነው?»

ቴዎ የአንገቱን መታወቂያ ጨበጠ። «ሰው አለ? ብዬ ሦስት ጊዜ ጠራሁ! ማንም አልመለሰም!»

«መልሶ እስር ቤት ይግባ? ሳንቃውን ገፋ አድርገህ ለምን አላየህም?»

«አንገባም! ክልክል ነው። ባልደረባችን ገብቶ ሚዛን ጠፋ ተብሎ ተከሷል። ከዚያ ወዲህ ከውጭ ብቻ ነው የምናሽገው። ቅጹ ላይ እኮ የሰው ነገር የሚሞላበት ቦታ የለም! በር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ እማኝ… በቃ። ሁለተኛ በር መዝለሌ ከታወቀ የምባረረው እኔ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ሚስቱ ዓሣ ቤቱን ክፈቱ አለች ሲሉኝ ገባኝ። መጣሁ፤ ወረቀቱን ቀደድኩት። በሩን ለመክፈት ግን… አልደፈርኩም።» ከኪሱ አዲስ ቁልፍ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው።

ማንም አላነሳውም። ፀደንያ ንዴቷ የሚያርፍበት ሰው አጣች። ልጁን ማሰር አለባት፤ የሰው ሕይወት ያለፈበትን በር ዘግቷል፣ ማስረጃም ደብቋል። ይትባረክ ነጻ ወጣ፤ ግን ደስ ሊለው ቀርቶ ቀና ማለት አልቻለም። ዓሣ ቤቱም የወንጀል ቦታ ስለሆነ መዘጋት ነበረበት፤ አሁን ደግሞ በእሷ ፊርማ።

«ከዚህ በኋላስ፣ እንከፍታለን?» አለች ከአጥሩ ውጭ ያለች አንዷ ሴት።

ፀደንያ ስልኳን አውጥታ ለቢሮው ኃላፊ ደወለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው። ነገሩን ነገረችው።

«በጣም ያሳዝናል» አለ ወፍራም ድምፅ። «መመሪያው ግን ችግር የለበትም፤ አፈጻጸም ላይ ክፍተት ታይቷል። ባለሙያው በሕግ ይጠየቃል።»

«መመሪያውን የፈረመውስ?»

«እሱ በኮሚቴ ነው የወጣው።»

ሙሉነሽ ስልኩን ከኢንስፔክተሯ እጅ ነጠቀችው።

«ጌታው፣ ሙሉነሽ እባላለሁ፤ ዓሣ ሰንጣቂ ነኝ። ኮሚቴ የሚባል ሰው አላውቅም፤ እርስዎን ግን በስም አውቃለሁ። አንዳርጋቸው ‹አድኑኝ› ብሎ ከሚጮህ ዝም ብሎ መሞትን መረጠ፤ እናንተን ፈርቶ! ቅዳሜ ገበያው መሐል እንቆማለን፤ ሚስቱም አሥራ አንዳችንም። ይምጡና በሰው ሁሉ ፊት ይመልሱልን፦ ሰው ከሞት አብልጦ እንዲፈራችሁ ያደረጋችሁት ለምንድን ነው?»