ሰማያዊው ከፋይ

«ይኼን!» አለች ሰላማዊት፣ በአንድ እጇ አፍንጫዋን በስካርፏ ሸፍና በሌላው ሰማያዊውን ከፋይ እየጠቆመች። «ይኼን ነው የምፈልገው። ቶሎ ቁረጪልኝና ልውጣ፤ ቤታችሁ ይሸታል።»

የሚሸተው ሙጫና አዲስ የተላገ ጣውላ ነው። ዓይናለም ግን ዓይኗን ከጨርቁ ላይ መንቀል አቅቷት ቆመች።

አባቷ አቶ ሞላ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር የሬሳ ሳጥን ይሠራሉ። ሶፋና የመኪና ወንበርም ያለብሳሉ። በከተማው እንደሳቸው ጨርቅ ወጥሮ የሚያሳምር ስለሌለ፣ ሳጥን የሚፈራው ሰው ሁሉ ለወንበሩ ሲል ይመጣል። የሰላማዊት አባት አቶ ደምሴም ቆሞ የከረመውን አሮጌ ቮልሳቸውን ሲያሳድሱ የወንበሩን ሥራ ለአቶ ሞላ ሰጡ። እሳቸው ራሳቸው ግን ልጃቸው ከሞተ ወዲህ በዚህ ደጃፍ አልፈው አያውቁም። ወንበሮቹን በሰው አስመጡና ቀለሙን እንድትመርጥ ሰላማዊትን ላኳት።

ሰላማዊትና ዓይናለም ዘጠነኛ ክፍል አብረው ይማራሉ። «አብረው» መባሉ ራሱ ያስቃል። ለዓይናለም «ሳጥኒት» የሚል ስም ያወጣችላት ሰላማዊት ናት። ባለፈው ሳምንት የሞተ በረሮ በክብሪት ቀፎ ከታ ዴስኳ ላይ አስቀመጠችና «አባትሽ ልኩን ይዩልን» አለች፤ ክፍሉ ሁሉ አውካካ። የሒሳብ መምህሩ እንኳ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ዓይናለም የሳቁትን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች።

አሁን ደግሞ ያቺው ልጅ ከዚህ ሁሉ ጨርቅ መሐል ይኼን መረጠች። ከፋዩ ከሁለት ዓመት በፊት የሰላማዊት ወንድም ፈንታሁን የተቀበረበት ሳጥን የለበሰው ነው፤ ከዚያው ጥቅል የተረፈ። ዓይናለም ታውቃለች፣ ዙሪያውን ነጭ ዘርፍ የሰፋችለት ራሷ ናትና። ሰላማዊት አታውቅም፤ ያኔ ቀብሩን እንዳታይ ገሳይ ከተማ አክስቷ ዘንድ ወስደው አቆይተዋታል። አቶ ሞላም አያስታውሱም። የማን ሳጥን ምን እንደለበሰ ሆን ብለው ይረሳሉ። «ካስታወስኩማ በምን አንጀቴ ሚስማር እመታለሁ?» ይላሉ።

አንድ ቃል መናገር ይበቃ ነበር።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ዓይናለም።

«ምን አገባሽ? አታካብጂ፣ ቁረጪ።»

ዓይናለም መቀሱን አነሳች። ቀስ ብላ፣ ጠርዙን ሳታዛባ ቆረጠች።

በዚህ መሐል የቮልሱ ቀለም ቀቢ ሰዒድ ከጋራዡ ሁለት የቀለም ናሙና ይዞ መጣ። «በሩንና ዳሽቦርዱን ምን ልቀባው? ግራጫ ወይስ ክሬም?» አለ። «ጨርቁን ሳላይ አልጀምርም ብዬ ነው።»

ሰላማዊት ግራ ገባት። ናሙናዎቹን ተራ በተራ ከከፋዩ አጠገብ እያደረገች አየች። ስካርፏ ከአፍንጫዋ መውረዱን እንኳ ልብ አላለችም።

«ክሬም» አለች ዓይናለም። «ግራጫ ሰማያዊውን ይገድለዋል፣ ክሬም ግን ያወጣዋል።» እዚህ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት? ምላሷ ግን አላርፍ አለ። «ጠርዙ ላይ ደግሞ ነጭ ዘርፍ ቢዞርበት ፏ ይላል።»

ሰላማዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን በደንብ አየቻት። «ለካ ታውቂያለሽ! እሽ፣ ዘርፍም ይግባበት።»

የዓይናለም አንጀት ቅቤ ጠጣ። ክፉ ደስታ ነው፤ ግን ደስታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ ዘርፉን ሰፋች። ስትሰፋም ቮልሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲቆም፣ ሰላማዊት ተኮፍሳ ስትወርድ ይታያት ነበር። ያኔ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ የተቀመጠችበትን ጨርቅ ታሪክ ትነግራታለች። ይህን እያሰበች ለብቻዋ ትስቃለች። አቶ ሞላ ስፌቱን በእጃቸው ዳሰሱና «እጅሽ ይባረክ» አሏት። አሜን አለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወንበሮቹ ተገጠሙ። ዓይናለም የላላ ክር ካለ ልታጠብቅ መርፌና መቀሷን ይዛ ጋራዥ ሄደች። የቮልሱ በሮች ተከፍተዋል። ውስጡ ክሬምና ሰማያዊ ሆኖ፣ ነጩ ዘርፍ ዙሪያውን ተንዠርግጓል። እውነት ለመናገር ያምራል። ሰላማዊት እየዞረች በስልኳ ፎቶ ታነሳለች።

«ሰኞ በዚህ ነው ትምህርት ቤት የምትመጭው?» አለች ዓይናለም ሳቋን አፍና።

«የኔ መሰለሽ እንዴ? የእማዬ ነው! ሰርፕራይዝ ነው፤ አባዬም ገና አላየውም። ፈንታሁን ከሞተ ወዲህ ከቤት ወጥታ አታውቅም። ነገ አባዬ በዚህ መኪና ቤተ ክርስቲያን ይወስዳታል። ጥቁሯንም አወልቃለሁ ብላ ቃል ገብታልናለች።» ከዚያ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ዓይናለምን ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻት። «አንቺ ግን ነገ ሠፈራችን እንዳትታዪ። አንቺን ካየች ያ ቀን ትዝ ይላታል።»

ዓይናለም ስድቡን አልሰማችውም። የታዩዋት ወይዘሮ እቴነሽ፣ የሰላማዊት እናት ናቸው። በቀብሩ ቀን ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ ዘርፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አልለቅም አሉ። ሰዎች ጣታቸውን እየፈለቀቁ አስለቀቋቸው። ሳጥኑ ሄደ፣ የተበጠሰው ዘርፍ እጃቸው ላይ ቀረ። ለቀስተኛው መሐል ቆማ የነበረችው ዓይናለም ደግሞ ስፌቱን ባለማጥበቋ አፍራ ነበር።

ነገ እኒያ ሴት ጥቁራቸውን አውልቀው ይህን በር ሊገቡበት ነው። ለሰላማዊት የደገሰችው ድግስ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው።

«ሰላማዊት…»

«ምን?»

የሰላማዊት ፊት ፈክቷል። ብትነግራት የወንድሟን ሳጥን ልብስ ለእናቷ በገዛ ጣቷ እንደመረጠች ዕድሜ ልኳን ስታስብ ትኖራለች። ዓይናለም ይህችን ልጅ ትጠላታለች። ይህን ያህል ግን አልጠላቻትም፤ ይህን ያወቀችው አሁን ነው፤ ማወቋም አናደዳት።

መኪናው ውስጥ ገባች። የኋላው ወንበር ላይ ተንበረከከችና መቀሷን ከዘርፉ ሥር ሰክታ ጎተተች። ቀጥላ ከፋዩን መሐል ለመሐል ተረተረችው።

«እንዴ! ምን እያደረግሽ ነው? እብድ!» ሰላማዊት በጸጉሯ ይዛ ጎተተቻት። ሰዒድ ከጋራዡ ጥግ ብሩሹን ጥሎ ተነሳ። «ኧረ ምን ነካሽ፣ አባትሽ ምን ይላሉ?» እያለ ጮኸ።

አባቷ ምን እንደሚሉ ታውቃለች። እጃቸው ያረፈበትን ሥራ ልጃቸው በማበላሸቷ ሲነቀፉ አንገታቸውን ደፍተው ሲቆሙም ይታያታል። ከዛሬ ጀምሮ በከተማው ሁሉ ምቀኛ የምትባለው እሷ ናት፤ ምቀኛ ደግሞ ምክንያቱን የሚጠይቀው የለም።

«ለምን?» ሰላማዊት ማልቀስ ጀመረች። «ምን አደረግኩሽ? ንገሪኝ፣ ምን አደረግኩሽ?»

እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው።

«ስለምጠላሽ» አለች። እሱም ቢሆን ውሸት አልነበረም።

ከዚያ ሰዒድ ሳይደርስባት ወደ ፊተኛው ወንበር ተሻገረችና እሱንም ቀደደችው።